የበቆሎ ግራጫ ቅጠል ነጠብጣብ ፈንገስ የሄርባሪየም መዝገቦችን እንዴት ማንበብ ይገባል?

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናትዎ፣ በበቆሎ ላይ የግራጫ ቅጠል ነጠብጣብ በሽታ የሚያስከትለውን ፈንገስ የሚመለከቱ የሄርባሪየም (የደረቁ እፅዋትና ፈንገሶች ማኖሪያ) ናሙና መዝገቦችን ከክፍት የመረጃ ቋቶች አውርደዋል። ከአሜሪካም ሆነ ከአፍሪካ የመጡት አብዛኞቹ «ሰርኮስፖራ ዜኤ-ማይዲስ» የሚል ስም ይዘዋል፤ ጥቂት የቆዩ መዝገቦች ግን በቆሎ ላይ «ሰርኮስፖራ ሶርጊ» ይላሉ። በእጅዎም በምዕራብ ኢትዮጵያ ከባኮ አካባቢ የተሰበሰበ የደረቀ ቅጠል የያዘ፣ «10/2/90» የሚል ቀን የተጻፈበት አንድ የወረቀት ጥቅል አለ። የአፍሪካዎቹን ሁሉ «ሰርኮስፖራ ዜኢና» በሚለው አዲስ ስም ለውጬ፣ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ደርድሬ፣ በሽታው መቼ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ካርታ ልሥራ ወይ ብለው ጠይቀዋል።

ስሙን በጅምላ አይለውጡ፤ ካርታውንም ጥቅሎቹን ሳያዩ ከመዝገቡ ብቻ አይሥሩ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ አስረዳለሁ፤ ምክንያቱ ከተያዘ ለዚህ ፈንገስ ብቻ ሳይሆን ከዚህ በኋላ ለሚገጥምዎ ማንኛውም የደረቀ ናሙና ይሠራል። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመረጃ ቋት ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ የሚታየው መዝገብ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዟል። አንደኛው ቅጠሉና በላዩ ያለው ፈንገስ ነው፤ ይህ በወረቀት ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቁስ ስለሆነ ማንም ምን ቢጽፍበት አይለወጥም። ሁለተኛው የአሰባሰቡ ታሪክ ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከየትኛው ተክል ላይ ሰበሰበው የሚለው ሲሆን አስተማማኝነቱ በጻፈው ሰው ጥንቃቄ ልክ ነው። ሦስተኛው ስሙ ነው፤ ስም ማለት አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በዚያን ጊዜ በነበረው እውቀት የሰጠው ፍርድ ነው። ሦስቱን እኩል አድርገን ስናነብ ነው ስሕተት የሚፈጠረው።

የዚህ ፈንገስ ስም ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ቴሆንና ዳንኤልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰርኮስፖራ ዜኤ-ማይዲስን በ1925 የገለጹት፣ በ1924 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ አሌክሳንደር በተባለው ካውንቲ ከተሰበሰበ የበቆሎ ቅጠል ነው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት በሽታው ብዙም የማይጠቀስ ነበር። የተጠናከረው በ1970ዎቹ፣ የአሜሪካ ገበሬዎች መሬትን ሳያርሱ መዝራትን እያስፋፉ ሲሄዱ ነው። ፈንገሱ ከአንዱ የምርት ዘመን ወደ ሌላው የሚሻገረው በዋነኛነት ማሳ ላይ በቀረ የበቆሎ አገዳና ቅጠል ውስጥ ሆኖ በመሆኑ፣ ያልተገለበጠ ቅሪት ለእርሱ መኖሪያ ሆነለት። በ1988 በደቡብ አፍሪካ ናታል ተመዘገበ፤ በ1990ዎቹም በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ተስፋፋ፤ በእኛም አገር በዚያው አሥርተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ምዕራቡ የበቆሎ አምራች አካባቢ ላይ ታየ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በበቆሎ ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ያየ ባለሙያ በመለያ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ሌላ የተለመደ ስም አልነበረውም። በ1998 ግን በአሜሪካ የተደረገ የዘረመል ጥናት በአንዱ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ወገኖች እንዳሉ አሳየ። በ2000 ከአፍሪካ የተገኙ የፈንገሱ ናሙናዎች ሲመረመሩ ሁሉም የሁለተኛው ወገን ሆነው ተገኙ። በ2006 ደግሞ ይህ ሁለተኛ ወገን ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና መነሻነት ሰርኮስፖራ ዜኢና የሚል የራሱ ስም ተሰጠው። ስለዚህ ከ2006 በፊት የተጻፈ «ሰርኮስፖራ ዜኤ-ማይዲስ» የሚል መለያ በተጻፈበት ቀን ስሕተት አልነበረም። ዛሬ ሲነበብ ግን ከሁለቱ አንዱ ነው ከማለት ያለፈ አይነግረንም። በሠንጠረዥዎ ውስጥ እንዲህ ያለውን ስም «በሰፊው ትርጉም» የሚል መግለጫ ጨምረው ያስቀምጡት።

ታዲያ የአፍሪካዎቹ ሁሉ ዜኢና ከሆኑ ለምን በአንድ ጊዜ አልለውጣቸውም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የተባለው የተመረመሩት ሁሉ ዜኢና ናቸው ነው፤ ያልተመረመረው ጥቅል ግን ገና ምስክርነቱን አልሰጠም። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ አገሩን አይቶ ስሙን የወሰነ ሰው፣ ኋላ ስሙን አይቶ ስለ አገሩ ሊደመድም አይችልም። እርስዎ ሊሠሩ የፈለጉት ካርታ የትኛው ዝርያ የት እንዳለ ለማሳየት ነው። ስሙን አስቀድመው በአህጉር ከከፈሉት ካርታው የሚያሳየው የራስዎን ውሳኔ ይሆናል። በሌላም በኩል ሁለተኛው ወገን በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍልም ተገኝቷል፤ ስለዚህ የአሜሪካ መዝገቦችን ያለ ምርመራ በቀድሞው ስም መተውም እንደዚያው አያስተማምንም።

«ሰርኮስፖራ ሶርጊ» የሚሉትን በተመለከተ፣ ይህን ዝርያ ኤሊስና ኤቨርሃርት በ1887 የገለጹት ከማሽላ ላይ ነው፤ በበቆሎ ላይ ያለውንም የእርሱ ንዑስ ክፍል አድርገው ሰይመውታል። ስለዚህ ከ1925 በፊት በበቆሎ ላይ ሰርኮስፖራ ያገኘ ሰው ይህን ስም ቢጽፍ አይደንቅም፤ ከዚያ በኋላም ልማዱን የቀጠሉ ነበሩ። እነዚህን ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉ፤ ለብቻ ያቆዩአቸው።

አስተናጋጅ ተክሉን፣ ማለትም ፈንገሱ ያደረበትን ተክል ስናነሳ፣ በእኛ አገር መለያ ወረቀቶች ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። በቆሎ በአንዳንድ አካባቢዎች «የባሕር ማሽላ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ለማለት ነው። ሰብሳቢው የአካባቢውን ስም ከገበሬው አፍ እንደሰማው ከጻፈና ኋላ መዝገቡን በላቲን ፊደል የተየበው ሰው «ማሽላ» የሚለውን ብቻ ካስቀረ፣ የበቆሎ ፈንገስ በማሽላ ሥር ተመዝግቦ ይቀራል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ከቅጠል መሐል የተቆረጠ የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ከሆነች ሁለቱን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ዋናውን የእጅ ጽሑፍ ማየት ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ባኮው ጥቅልዎ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው እርሱ ነው።

«10/2/90» የሚለውን ቀን በሦስት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ሰብሳቢው በአውሮፓ አቆጣጠር ቀኑን አስቀድሞ ጽፎ ከሆነ የካቲት ወር ላይ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1990 ይሆናል። በአሜሪካውያን ልማድ ወሩን አስቀድሞ ከሆነ ኦክቶበር 2 ቀን 1990 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ከሆነ ግን ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻው መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ። እርስዎ እየጠየቁ ያሉት በሽታው መቼ እንደደረሰ ስለሆነ፣ ይህች አንዲት ወረቀት በተሳሳተ አቆጣጠር ብትነበብ በምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ነበረ የሚል ታሪክ ትፈጥራለች፤ ያ ታሪክ አንዴ ከታተመ ደግሞ ሌሎች እየጠቀሱት ይኖራል።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ራሱ ቅጠሉ ይረዳል። በባኮ አካባቢ በቆሎ በዝናብ የሚለማው ከግንቦትና ከሰኔ ጀምሮ ነው፤ ግራጫ ነጠብጣብ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ለበርካታ ሰዓታት እርጥበት ሲቆይ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ95 በመቶ በላይ ሲሆን የሚበረታ፣ ምልክቱም ፈንገሱ ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ የሚታይ በሽታ ነው። በየካቲት በጋ በዚያ ማሳ ላይ የቆመ፣ ነጠብጣብ የሞላው ለምለም ቅጠል ማግኘት በመስኖ ካልሆነ በስተቀር የማይመስል ነገር ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ ይደክማል። የቀሩትን ሁለቱን ግን ወቅት አይለያቸውም፤ ሁለቱም ጥቅምት አካባቢ ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ከወረቀቱ ውጭ ያለ ማስረጃ ያስፈልጋል። የዚያው ሰብሳቢ ሌሎች ጥቅሎች ላይ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚጻፍ ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ከሆነ ወሩን የሚያስቀድም ሰው አይደለም። የወር ቁጥሩ 13 ሆኖ የተጻፈ አንድ ጥቅል ካገኙ ጳጉሜን ነውና ነገሩ ያለቀለት ነው። የመስክ ማስታወሻ ደብተሩ፣ የጉዞ አበል ወረቀቱ፣ የጣቢያው የዝናብ መዝገብ ሁሉ ይረዳሉ። ሰብሳቢው በሕይወት ካሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት እርሳቸውን ይጠይቁ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የአንድ ጣቢያን ጥቅሎች ስመዘግብ ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስገብቼ ነበር። ለረጅም ዓመታት በዚያ የሠሩ አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን መዝገቡን አይተው «ልጄ፣ እነዚህን ስንሰበስብ እኮ አንተ የምትለው ዘመን ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር» ብለው እስኪያርሙኝ ድረስ አላስተዋልኩም። ከዚያ ወዲህ ቀንን በተጻፈበት መልኩ ሳልነካ በአንድ ዓምድ፣ የተረጎምኩትን በሌላ ዓምድ፣ የተረጎምኩበትን ምክንያት በሦስተኛ ዓምድ አስቀምጣለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

የቦታ ስምም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የቆዩ መለያዎች ክፍለ ሀገርና አውራጃ ይጠቅሳሉ፤ አዲሶቹ ክልል፣ ዞንና ወረዳ። ወለጋና ኢሉባቦር የሚሉት ስሞች ዛሬም አሉ፤ የሚሸፍኑት መሬት ግን የቀድሞው ክፍለ ሀገር አይደለም። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ናዝሬት አዳማ ተብለዋል። አንዳንድ የመረጃ ቋቶች የቦታው ነጥብ ካልተጻፈ የአስተዳደር ክልሉን መሐከለኛ ነጥብ ያስገባሉ፤ በካርታዎ ላይ ማንም በቆሎ የማይዘራበት ቦታ ላይ ነጥብ ካዩ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

መዝገብ ሲቆጥሩ አንዱን አሰባሰብ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳይቆጥሩም ይጠንቀቁ። ሰብሳቢዎች አንዱን ናሙና ከፍለው ወደተለያዩ ተቋማት የመላክ ልማድ አላቸው፤ እያንዳንዱ ተቋምም የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። በእንግሊዝ የዓለም አቀፉ የፈንገስ ጥናት ተቋም የደረቁ ናሙናዎች በ2009 ወደ ኪው የእፅዋት ማዕከል ስለተዛወሩ፣ የዚያ ስብስብ ጥቅል አሮጌና አዲስ ሁለት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሰብሳቢው፣ ቀኑና ቦታው አንድ ከሆኑ አንድ ክስተት አድርገው ይያዙት።

መዝገብ አለመኖሩም ፈንገሱ አለመኖሩን አያሳይም። የዱር እፅዋት አጥኚዎች የተዘራ ሰብል አይሰበስቡም፤ በቆሎን አልፈውት ወደ ጫካው ይሄዳሉ። ከሰበሰቡም ንጹሑን ቅጠል መርጠው ነው። በሽታ አጥኚዎች ደግሞ በምርምር ጣቢያዎችና በዋና መንገዶች ዳር ይሰበስባሉ። በሜሪላንድ ቤልትስቪል የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የፈንገስ ስብስብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ናሙና የያዘው እዚያ አገር ፈንገስ ስለበዛ ሳይሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ በተቋም ደረጃ ስለተሰበሰበ ነው። ከዚያ ብዛት ጋር የእኛን ጥቂት ጥቅሎች አነጻጽሮ በሽታው ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ሄደ ብሎ መደምደም የሰብሳቢዎችን ብዛት እንጂ የፈንገሱን ጉዞ አይለካም።

ጥቅሉን ከፍተው ማየት ከቻሉ ብዙ ነገር ይገኛል። በመጀመሪያ ነጠብጣቡን በዓይን ይዩ። የግራጫ ነጠብጣብ ቁስል በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ተገድቦ ስለሚያድግ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን መልክ አለው፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ርዝመቱም ብዙ ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ጀልባ የሚመስል፣ እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚደርስ ትልቅ ቁስል ካዩ፣ በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ሌላው የበቆሎ ቅጠል አድርቅ፣ በኤክሴሮሂለም ተርሲከም የሚመጣው ነው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን። ሁለቱ በአንድ ቅጠል ላይ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ስለሆነ አንድ ቁስል ብቻ አይተው አይፍረዱ።

ከዚያ ከቁስሉ ላይ በመርፌ ጥቂት ፍቆ በላክቲክ አሲድ ጠብታ ውስጥ ቀስ ብሎ ማሞቅ ነው፤ የደረቀው የፈንገስ ክር ያብጥና ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። የስፖር (የፈንገሱ መራቢያ ቅንጣት) ተሸካሚዎቹ ቡናማ ሆነው በእቅፍ በእቅፍ ከቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ሲወጡ ይታያሉ። ስፖሮቹ ቀለም አልባና ረጃጅም ሲሆኑ፣ ከተሸካሚው የተላቀቁበት ጠባሳ ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው። በቆየ ጥቅል ውስጥ ስፖሮቹ ከቁስሉ ረግፈው ተሸካሚዎቹ ብቻ መቅረታቸው ያጋጥማል፤ ያኔ ተስፋ ሳይቆርጡ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በእርጥብ መርፌ ጫፍ ነክተው ይመልከቱ። እዚያ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ጥቅሉን ሲከፍቱ ያንን ብናኝ አያራግፉት።

ሁለቱን ዝርያዎች በመልክ ለመለየት ዋናው ፍንጭ የተሸካሚው ርዝመትና የስፖሩ ቅርጽ ነው። የዜኤ-ማይዲስ ተሸካሚ እስከ 180 ማይክሮሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል፤ የዜኢና ግን ከ100 ገደማ አያልፍም፤ ስፖሩም መሐሉ ሰፋ፣ ጫፎቹ ጠበብ ያሉ ነው። ከ100 በግልጽ የሚያልፉ ብዙ ተሸካሚዎች ካገኙ ፍርዱ ወደ ዜኤ-ማይዲስ ያዘነብላል፤ አጭር ብቻ ማግኘት ግን ዜኢና መሆኑን አያረጋግጥም፤ ወጣት ቁስል ላይ ያለ ዜኤ-ማይዲስም አጭር ነውና። ከሕያው ፈንገስ ጋር ሲሠራ ሌላ ጠቃሚ ምልክት ነበር፦ ዜኤ-ማይዲስ በመብቀያ ሰሐን ላይ ሰርኮስፖሪን የተባለውን ቀይ መርዝ ያመነጫል፣ ዜኢና አያመነጭም፤ እድገቱም ዘገም ያለ ነው። የደረቀው ግን የሞተ ስለሆነ ይህ በር ተዘግቷል።

የቀረው የዘረመል ምርመራ ነው። ከደረቀ ቅጠል ዲ ኤን ኤ ማውጣት እንደሚቻል የአየርላንድን የድንች ረሀብ ያስከተለው ተሕዋስ ከ1840ዎቹ የሄርባሪየም ቅጠሎች ላይ መነበቡ አሳይቷል። ነገር ግን በእርጅና የሚቆራረጥ በመሆኑ አጫጭር ቁርጥራጮችን እንዲያነብ የተዘጋጀ ዘዴ ያስፈልጋል። ለዚህ ቁስሉን መቁረጥ ግድ ስለሆነ አስቀድመው ከስብስቡ ኃላፊ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ብዙ ቁስል ካለው ቅጠል ላይ ትንሹን ይውሰዱ፤ አንድ ቁስል ብቻ የቀረለትን አይንኩ። የድሮ ጥቅሎች ከተባይ ለመከላከል በሜርኩሪ ጨው የተነከሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጓንት ያድርጉ።

የባኮውን ጥቅል እንዲህ ቢያደርጉት እመክራለሁ። የድሮውን መለያ ሳይነቅሉና ሳይሰርዙ፣ አጠገቡ ትንሽ ወረቀት ያያይዙ፤ በእርሱ ላይ ያዩትን፣ የለኩትን የተሸካሚ ርዝመትና ብዛት፣ የሰጡትን ስም፣ የራስዎን ስምና ያዩበትን ቀን ከነአቆጣጠሩ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። ዘረመሉ ሳይታይ ስሙን «ሰርኮስፖራ ዜኤ-ማይዲስ በሰፊው ትርጉም» ከማለት አይለፉ። ከዚያ ከመሳቢያዎ አውጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም የፈንገስ ናሙና በቋሚነት ለሚያኖር ተቋም ያስረክቡትና የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። በጥናትዎ ውስጥ የሚጠቅሱት ያንን ቁጥር ነው፤ ንባብዎን የሚጠራጠር ሰው ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ያንኑ ቅጠል ይከፍተዋል።